ደም ግፊት አስታውቆ አይመጣም
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





እንደሚታወቀው ሁሉ ዕድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስትና ብርጭቆ አለው። አንድ አባል ሲያርፍ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሁላችንም እንሰበሰባለን፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው በቁሙ ሳለ የደም ግፊቱን ሳይለካ ቢቀር የሚቀጣው ቀርቶ የሚጠይቀው የለም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ነው።

ለመሆኑ የደም ግፊት ማለት ምንድን ነው? ልብ ደምን ስትረጭ፣ ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ሲለካ ሁለት ቁጥር ይነበባል። የላይኛው ልብ ስትመታ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። ከ120 በ80 በታች ከሆነ ደህና ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን ሕክምና የሚያሻው በሽታ ነው።

የዚህ በሽታ ተንኮሉ አለማመሙ ነው። «እኔን ራሴን አያመኝም፣ ምን ግፊት አለብኝ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በመስከረም 2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ደም ግፊት ሲኖርባቸው፣ ግማሽ ያህሉ መታመማቸውን አያውቁም። በሽታው ግን ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ልብን፣ ኩላሊትን፣ ዓይንንና አንጎልን ሲጎዳ ይኖራል። ኋላ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ደህና ውሎ ድንገት ወደቀ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ድንገት አይደለም፤ ሳይለካ የቆየ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ፤ ጨው እንቀንስ። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል፤ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በእኛ ቤት ግን ጨው ሁለት ሦስት ጊዜ ይገባል። በርበሬው ሲዘጋጅ ይገባል፣ ሽሮው ሲፈጭ ይገባል፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። እናቶች፣ በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ጨው ባታስገቡበት፣ ድስቱ ላይ ምን ያህል እንደጨመራችሁ ታውቁታላችሁ። ቋንታ፣ ሚጥሚጣና የወጥ ማጣፈጫም ጨው እንዳለባቸው አትርሱ።

2ኛ፤ እንንቀሳቀስ። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። ታክሲ ተሰልፎ ከመጠበቅ አንድ ሁለት ፌርማታ በእግር መሄድ ነው። ቦርጭ የድሎት ምልክት አይደለም፤ ለልብ ሸክም ነው።

3ኛ፤ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ፍራፍሬውን እናብዛ፤ ጮማውንና የሚረጋውን ዘይት እንቀንስ። አረቄ ግፊት ይጨምራል፤ ጫትም እንዲሁ። ሲጃራ ደግሞ የደም ሥርን ያበላሻል።

4ኛ፤ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ተሻለኝ ብሎ አያቋርጥ። ቁጥሩ የወረደው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው በምግብነታቸው ደግ ናቸው፣ የኪኒኑን ቦታ ግን አይተኩም። የጎረቤት ኪኒን ተበድሮ መዋጥም አደገኛ ነው። ጾምም ሆነ ረመዳን ሲገባ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተማክሮ ማስተካከል እንጂ መተው አይገባም።

ለመለካት ስትሄዱ ቡናና ሲጃራ ከቀመሳችሁ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፤ ሽንት ቤት ግቡ፤ 5 ደቂቃ አርፋችሁ ተቀመጡ፤ ሲለካም አታውሩ።

አንድ ሰው በድንገት ፊቱ ቢጣመም፣ አንድ እጁ ቢዝል ወይም አንደበቱ ቢያዝ ምች ነው ብላችሁ አትቆዩ። በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ወይም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት።

በመጨረሻም ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከዕድራችን ገንዘብ አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይገዛ። ዋጋው ከድንኳናችን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ወርኃዊ መዋጮ በምንከፍልበት ዕለት፣ ከመካከላችን የጤና ሙያ ያላቸው አባላት እየተራዱ 30 ዓመት ያለፈውን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለኩ። ቁጥሩ ለባለቤቱ ብቻ ይነገር፤ ከፍ ያለበትም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቤት የዋሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ደግሞ ቤታቸው ሄደን እንለካቸው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ዕድር ቀባሪ ብቻ ሳይሆን ጠባቂም መሆን ይችላል። ለከርሞው ስብሰባ ሁላችንንም በጤና ያድርሰን።