ጨርቅን መለየትና ለለባሹ ማሳወቅ



ልብስ ልብስ ከመሆኑ በፊት ጨርቅ፣ ጨርቅም ከመሆኑ በፊት ድርና ማግ፣ ድርና ማግም ከመሆኑ በፊት ጭረት ነበረ። ስለዚህ የልብስ ጠባይ ሁሉ የሚጀምረው ከጭረቱ ነው።

ጭረት በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባል። ከተፈጥሮ ከሚገኙት መካከል ጥጥና ተልባ ከዕፅዋት፣ ሱፍና ሐር ከእንስሳት ይገኛሉ። ሰው ሠራሽ ከሚባሉት ውስጥ ሬዮን መነሻው የእንጨት ሴሉሎስ ስለሆነ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የቆመ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በካሮተርስ የተገኘው ናይለንና በ1941 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዊንፊልድና ዲክሰን የፈለሰፉት ፖሊስተር ግን በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች ይሠራሉ።

ልዩነታቸው በመጀመሪያ በውሃ ይታወቃል። የአየሩ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን፣ 100 ግራም ደረቅ ሱፍ 16 ግራም ያህል፣ ጥጥ 8 ግራም ያህል፣ ናይለን 4 ግራም ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ጋቢ ላብን መጥጦ ገላን የሚያሳርፈው፣ የፖሊስተር ሸሚዝ ደግሞ ታጥቦ ቶሎ የሚደርቀው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ አንዱ ጭረት በሁሉም ረገድ ከሌላው ይበልጣል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው መለያ እሳት ነው። ከልብሱ ዳር ጥቂት ክር መዝዞ፣ በወረንጦ ይዞ ወደ ነበልባል ማስጠጋት ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሱፍ እንደ ፀጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሠራል። ይሁን እንጂ ሬዮንም እንደ ጥጥ ስለሚነድ፣ ድብልቅ ጨርቅም ምልክቱን ስለሚያምታታ፣ እርግጡን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

ነገሩ ከዕውቀት አልፎ የሰው ደኅንነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጥጥ ቶሎ ይቀጣጠላል። ፖሊስተር በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም በገላ ላይ ተጣብቆ ጥልቅ ቃጠሎ ያደርሳል። ሁለቱ ሲደባለቁ ደግሞ የጥጡ ከሰል እንደ ኩራዝ ክር ሆኖ የቀለጠውን ፖሊስተር ይዞ ያነደዋል። የሀገር ልብስ ጥለት የታተመበትን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ጥጥ መስሏት የገዛች እናት፣ ያንኑ ለብሳ ከምድጃ ፊት ስትቀመጥ፣ የጎደለባት ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ርካሽ ጨርቅ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ለብዙ ቤተሰብ መልበሻ ሆኗልና። ነውሩ ስሙን መሸሸግ ነው። የባለሙያውም ግዴታ ግልጽ ነው፤ ጭረቱን መርምሮ፣ የድብልቁን መጠን በመቶኛ አስልቶ፣ ለባሹ በሚያነበው ቋንቋ በልብሱ ላይ መጻፍ። ለባሹ የሚለብሰውን ካወቀ፣ ምርጫው የራሱ ይሆናል።