ለገበያ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል



ማስታወቂያ ለሚጽፍ ሰው የመዝገበ ቃላት ፍች ብቻ አይበቃውም፤ ቃሉ በሰሚው ልብ የሚያሳድረውንም መመርመር አለበት። «ቺፕ» ርካሽ ማለት ነው፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ ዐዋቂው ሲሰማው ዕቃው የማይረባ ይመስለዋል። ስለዚህ «ኢንኤክስፔንሲቭ» ማለት ይሻላል።

የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ለውጭ ሰው ሲያስተዋውቁ «ሰርቲን መንዝስ ኦፍ ሰንሻይን» አሉ። ይኸውም የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን ማለት ነው። በአማርኛ ግን «የ13 ወር ጸጋ» ተባለ። በብርድ አገር ለሚኖር ሰው ፀሐይ ናፍቆቱ ናት፤ ለእኛ ገበሬ ግን ዝናብ የሌላት ፀሐይ ጸጋ አትባልም። 13 የሚለውም ቍጥር ጳጉሜን ስላለችን እውነት ነው፤ ሌላው አገር ሊዋሰው አይችልም። በ2016 እ.ኤ.አ. «ላንድ ኦፍ ኦሪጅንስ» ሲተካውም አማርኛው «ምድረ ቀደምት» ሆነ።

እንግዲህ ከጎንደር ባሕር ዳር የሚመላለሰው እንግዳ በእንፍራንዝ በኩል ሲያልፍ ጉዛራን ሳያይ እንዳይሄድ ምን ብለን እንጻፍለት? «ቤስት»፣ «ወንደርፉል» የሚለውን ማንም ይጽፈዋል። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ ከፋሲል ግንብ በፊት የተሠራ ነው ብንል ግን ቃሉ እውነትም የራሳችንም ይሆናል።