ለሞታችን እንደምናዋጣ ለኑሯችንም እናዋጣ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ገንዘብ አያያዝ ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው በጠየቀኝ ጊዜ አመንትቼ ነበር። ምክንያቱም እኔ ሀብታም አይደለሁም፤ ገንዘብ በማባከን ረገድ ግን በቂ ልምድ አለኝ። ስለሆነም ከቤቴና ከዚሁ ከእድራችን ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

አንድ ጥያቄ ላንሣ። ከመካከላችን «በዚህ ወር ጤፍ ተወዷልና የእድር አልከፍልም» ያለ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ቤቱ ቢጎድልበት እንኳ ተበድሮ ይከፍላል። ለምን ቢባል፣ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ልኩ የታወቀ ነው፤ ያልከፈለ ይቀጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎረቤት ያያል። እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ያዋጣነው ገንዘብ ነው ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የሆነው። ታዲያ ለሞታችን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ለኑሯችን ሲሆን «ከተረፈ እቆጥባለሁ» የምንለው ለምንድን ነው? ኧረ ለመሆኑ ተርፎ የሚያውቅበት ቤት የማን ነው? እስቲ እጁን ያውጣ!

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባላችን ዐረፈ። ጡሩንባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ሁላችንም ወጣን፤ ቀብሩም በክብር ተፈጸመ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑን ነቅለን ሄድን። ወር ሳይሞላ ባለቤቱ ቤታችን መጥታ ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ብድር ጠየቀችን። ሟቹ ሥራ ያልፈታ፣ ገቢውም ከብዙዎቻችን የማያንስ ሰው ነበር። እድሩ በክብር ቀበረው እንጂ ቤቱን ሊያቆምለት አልቻለም፤ የተቋቋመውም ለዚያ አይደለም። ያን ሌሊት የራሴን ቤት ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔም ብሆን ከሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። አንድ ጊዜ የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ። ከባለቤቴ ጋር የተመካከርነው የስፌት መኪና ልንገዛበት ነበር። ዕጣው የወጣው ግን ፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። በግ ገዛሁ፣ ልብስ ገዛሁ፣ ለዘመድ አበደርኩ፣ ጓደኞቼን ጋበዝኩ። መኪናው ይቅርና ክሩም አልተገዛም! በሚቀጥለው ዙር ባለቤቴ «አብረን ነው የምንቀበለው» አለችና ከእቁቡ ቤት በቀጥታ ወደ ሱቁ ወሰደችኝ። ያ መኪና ዛሬም ይሠራል፤ የሁለት ልጆቻችንን ደብተርና ዩኒፎርም የቻለው እሱ ነው። ሥራው አስቀድሞ ያልተወሰነለት ገንዘብ እረኛ እንደሌለው ከብት ነው፤ ያገኘው ሁሉ ይነዳዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ወጪያችንን እንወቅ። ለአንድ ወር ያወጣነውን ሁሉ፣ ሻይና የስልክ ካርድ ሳይቀር፣ በደብተር እንጻፍ። ከማያስፈልገው ወጪ በቀን 20 ብር ብቻ ብናድን በዓመት 7,300 ብር ይሆናል። ከሱቅ በዱቤ መውሰድን እንቀንስ፤ ዱቤ የሚወስድ ሰው በዋጋ ለመከራከር አፍ የለውም። ጤፍ አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ፣ በርበሬም በወቅቱ ይገዛ፤ የበዓል ዋዜማ ገበያ ለማንም አይራራም። ለብቻው ኩንታል መግዛት የማይችል ከሦስት አራት ጎረቤት ጋር ገዝቶ ይካፈል። ድንኳን በጋራ የገዛን ሰዎች ጤፍ በጋራ መግዛት አያቅተንም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን «የቤት እድር» እናቋቁም። የእድር በምንከፍልበት ዕለት፣ ቢቻል የዚያኑ ያህል፣ በባንክ ወይም በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ለራሳችን ቤት እናስቀምጥ። ይህ ገንዘብ ለሕመም፣ ለሥራ ማጣትና ለመሳሰለው ችግር እንጂ ለድግስ አይነካም። የሦስት ወር ቀለብና የቤት ኪራይ እስኪሞላ ድረስ አናቋርጥ። የቁጠባ ደብተሩ የት እንዳለም የትዳር ጓደኛ ይወቅ፤ ተደብቆ የተቀመጠ ገንዘብ በችግር ቀን አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በላይ የተረፈው ይሥራ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ አደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ይኸውም በ7 በመቶ የተቀመጠ 100 ብር በዓመቱ 107 ሲሆን፣ የ100 ብሩ ዕቃ ከ130 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። እቁብም እንደዚሁ ነው። 20 ሰዎች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ፣ መጀመሪያ የወጣለትም መጨረሻ የደረሰውም 20,000 ብር ይቀበላል፤ የመጨረሻው ግን በተወደደ ገበያ ነው የሚገዛበት። እቁብ የማይቆጥበውን ሰው ያስቆጥባልና መጥፎ ነው አልልም። ብቻ ገንዘቡ ቶሎ ወደ ሥራ ይግባ፤ የሥራ መሣሪያ ይሁን፣ የልጅ ሙያ ይሁን፣ ወይም አክሲዮን ይሁን። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ቅድም ባልኩት በቀን 20 ብር ይህ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ግድም ቁጠባ ነው። እርግጥ አክሲዮን ሊያተርፍም ሊያከስርም ይችላል፤ ስለዚህ የችግር ቀን ገንዘባችንን አናስገባበት። «በአንድ ወር እጥፍ አደርግላችኋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ግን ሳትከራከሩ በሩን ዝጉበት።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር የእድር ለመክፈል ስትመጡ፣ ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ለቤታችሁም ክፈሉ። ድንኳኑ ሲነቀል የሚቀሩት ልጆቻችን ናቸው።