ለክፉ ቀን እናስቀምጥ



የ1977 ዓ.ም.ን የወሎና የትግራይ ረሃብ አንረሳም፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባም የቀን ገቢ የተቋረጠበትን ቤት አይተናል። «እግዜር ያውቃል» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እምነት አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም ዮሴፍ ያስተማረን በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ማከማቸትን ነው።

እኛም ገንዘብ በእጃችን በገባ ቁጥር ጥቂት ሽሮና ምስር እንለይ፤ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ክዳን ባለው ጀሪካን እንያዝ፤ የቆየውን አስቀድመን እየበላን በአዲስ እንተካ።

እድራችን የሞተብንን ያስቀብራል፤ ጓዳዋ ለተራቆተባት ጎረቤት ግን በሕይወት ሳለች ልንደርስላት ይገባል። ካስቀመጥነው ላይ አንድ ጣሳ ለእሷ እንያዝላት።

ፈጣሪ ክፉውን ቀን ያርቅልን፤ ከመጣም ተዘጋጅተን ያግኘን።