ብዙ ኮንቴይነሮች ባንድ ጎተራ



ኮንቴይነር ሲባል ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ የሚመጣው የብረት ሣጥን ትዝ ይላችሁ ይኾናል። ዛሬ የምንናገርለት ኮንቴይነር ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ከብረት ሳይኾን ከሶፍትዌር ነው። በተለይም ዶከር የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ከወጣ ወዲህ አሠራሩ በብዙ አገር ተስፋፍቷል።

አንድ ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋራ በኮንቴይነር ውስጥ ይቀመጣል፤ የጎረቤቱን ፋይል አያይም፤ ጎረቤቱም የርሱን አያይም። በውስጡ የሚጽፈው ሁሉ በአንድ ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል፤ ኮንቴይነሩ የተሰረዘ ዕለት ሽፋኑም አብሮ ይሰረዛል። (ማቆም ብቻ ግን አያጠፋውም፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል።) እንግዲህ የተማሪዎችን ማርክ የሚመዘግበው ዳታቤዝ በኮንቴይነር ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ ኮንቴይነሩ በአዲስ ቢተካ፥ የዓመቱ ማርክ ከወዴት ይገኛል?

ስለዚህ ቮልዩም የሚባል ማከማቻ ተበጀ። ይኸውም ከኮንቴይነሩ ውጭ፥ በራሱ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚኖር ፎልደር ነው። የሊኑክስ ከርነል ይህንኑ ፎልደር ለኮንቴይነሩ እንደ ገዛ ጓዳው አድርጎ ያሳየዋል። ግልባጭ አይደለም፤ ያው አንዱ ነው። ለሁለት ወይም ለሦስት ኮንቴይነሮች ቢሰጥ፥ አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ያነበዋል። አንዱ ፎቶግራፍ ይቀበላል፤ ሌላው ለድረ ገጽ ያቀርባል። ሁለተኛው እንዲያነብ እንጂ እንዳይጽፍ ማድረግም ይቻላል፤ እኛም ይህን መልካም ልማድ እንለዋለን።

ነገር ግን ቮልዩም ቦታ ይሰጣል እንጂ ተራ አያስጠብቅም። ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ እንመልከት። ሥራ ሲጀምር የመለያ ቁጥሩን በአንድ ፋይል ጽፎ በፎልደሩ ውስጥ ያኖራል። ሌላ ፖስትግሬስ በዚያው ፎልደር ሊነሣ ሲል ቁጥሩን አይቶ፥ ባለቤቱ በሥራ ላይ መኾኑን ይመረምራል፤ ካለም ይመለሳል። በኮንቴይነር ውስጥ ግን የዋናው ፕሮግራም ቁጥር ብዙውን ጊዜ 1 ነው። ስለዚህ ከሌላ ኮንቴይነር የመጣው ሁለተኛው ፖስትግሬስ 1 የሚለውን ሲያነብ የገዛ ቁጥሩን ያገኛል፤ ከቀድሞ የቀረ ምልክት ይመስለውና ይገባል። ሁለቱም አንዱን መዝገብ ይጽፋሉ፤ መዝገቡም ይበላሻል። ጎረቤትን ከጎረቤት የለየው ግድግዳ የዘበኛውን ዐይን ጋረደው ማለት ነው።

በፋይል ባለቤትነትም ነገሩ የቁጥር ነው። ሊኑክስ ባለቤትን የሚያውቀው በስሙ ስላልኾነ፥ አንድ ስም በአንዱ ኮንቴይነር 999፥ በሌላው 70 ቢኾን፥ ስመ ሞክሼው ጎተራው ደጃፍ ደርሶ ሊከለከል ይችላል።

ስለዚህ ለአንድ ዳታቤዝ ፎልደር አንድ ጸሓፊ ብቻ ይመደብ። ሌሎቹ ኮንቴይነሮች መረጃ ሲሹ ፋይሉን ሳይነኩ ዳታቤዙን በኔትዎርክ ይጠይቁ። ቮልዩሙም ራሱ በስሕተት ሊሰረዝ፥ ዲስኩም ሊበላሽ ስለሚችል፥ ግልባጩ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

አሁን በቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር ላይ አንዱን ኮንቴይነር ሰርዘን፥ የጻፈውን በሌላው እንከፍትላችኋለን።