ስለ ቅጠል የጠጕር መታጠቢያ
(በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አያቴ ራሷን የምትታጠበው በቁርቁራ ቅጠል ነው። ቅጠሉን ወቅጣ በውሃ ትመታዋለች፤ ነጭ አረፋ ሲወጣ «ደረሰ» ትላለች። ባለፈው ክረምት እኔ ተማርሁ ባዩ፣ አረፋው ቢበዛ ይበልጥ ያጠራል ብዬ የእንዶድ ፍሬ ጨመርሁበትና ሳልፈትነው ታጠብሁ። ጠብታው ዐይኔ ገብቶ ሁለት ቀን ቀልቶ ሲያነባ ሰነበተ። አያቴም «ልጄ፤ እንዶድ የልብስ ነው፤ ለራስ ነው ያለህ ማን ነው?» አለችኝ።

ስሕተቴ አረፋን የደግነት ምስክር ማድረጌ ነበር። በቁርቁራም በእንዶድም ውስጥ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። አረፋው የሳፖኒንን መኖር ይነግረናል እንጂ ለቆዳ መስማማቱን አይነግረንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዐድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው የታወቀ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዐይን ቢያቃጥል ምን ያስደንቃል?

ከዚያ ወዲህ ከጓደኞቼ ጋራ ሦስት ነገር ሳንመረምር ራሳችን ላይ አናፈስም።

አንደኛ፤ የአሲድነቱን ልክ፣ ማለት ፒኤቹን፣ በመለኪያ ወረቀት እናያለን። የራስ ቆዳ ፒኤች 5.5 ገደማ ነው፤ ተራ ሣሙና ግን 9 እስከ 10 ስለሚደርስ የጠጕሩን የላይ ቅርፊት ከፍቶ ያሻክረዋል።

ሁለተኛ፤ ከጠጕር አስተካካይ ያገኘነውን የተቈረጠ ጠጕር በሦስት ከፍለን እኩል ቅቤ እንቀባና እንመዝናለን። አንዱን በውሃ ብቻ፣ አንዱን በቁርቁራ፣ አንዱን በሣሙና አጥበን ካደረቅን በኋላ እንደገና እንመዝናለን። የጐደለው የወጣው ቅቤ ነው። ውሃ ብቻውን ያወጣውን ሳያውቁ ቅጠሉን ማመስገን አይገባምና። ቁርቁራው ከውሃ በልጦ፣ ከሣሙና አንሶ ተገኘ።

ሦስተኛ፤ አቅጥነን በክንዳችን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቂት ቀብተን 48 ሰዓት እንጠብቃለን። ከቀላ ወይም ካሳከከ ይደፋል። የቅጠል ውሃ ቶሎ ስለሚበላሽ ለዕለቱ ብቻ እናዘጋጃለን።

አንዳንድ ጓደኞች «በጠርሙስ ሞልተን እንሽጠውና ለማኅበራችን ገንዘብ እናግኝበት» ይላሉ። እኔ ገና ነው እላለሁ። በአምስት ተማሪዎች ክንድ ላይ ያልጐዳ ነገር የሕፃን ዐይን አይጐዳም ለማለት አንችልም፤ ቢጐዳ ደግሞ የሚታማው ቁርቁራው ሳይሆን ትምህርታችን ነው።

አያቴን ብጠይቃት ኖሮ ዐይኔ ባልተቃጠለ። እንግዲህ አስቀድመን እናቶቻችንን እንጠይቅ፤ ቀጥለን እንለካ፤ ሽያጩ የኋላ ነው።