የጎለበተ ምንጭ ተረካቢ



በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ያሰማራ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ በአብዛኛው በመምህርነት አሠርቷል። ከዚህ ልምድ ተማሪውም ሕዝቡም ተጠቅመዋል።

ይሁን እንጂ ተማሪ እንግዳ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል። በትምህርት ቤት አጠገብ የሚጎለብት ምንጭ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የምንጩን ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ከልሎ ውሃውን በቧንቧ ማውረድ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። ከብት እንዳይገባበት አጥሩን መጠገን፣ የጎርፍ መቀልበሻውን ቦይ በየክረምቱ መጥረግና የተበላሸውን ቧንቧ መለወጥ ግን የዘወትር ሥራ ነው። ቦዩ ከተደፈነ ጎርፍ ይገባል፤ ንጹሕ የተባለውም ውሃ ለሕፃናት የበሽታ ምንጭ ይሆናል።

ስለዚህ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የየአንዳንዱ ድርሻ በጽሑፍ ይለይ። ዩኒቨርሲቲው ንድፉንና የውሃ ምርመራውን፣ ትምህርት ቤቱ የዕለት ጥበቃውን፣ ወረዳው የጥገናውን በጀት ይያዝ። ተረካቢ ያልተገኘለት ሥራ ተረካቢው እስኪገኝ ቢቆይ ይሻላል።